«ደካማ» የተባለው ማን ነው?

ይህ ጽሑፍ መጀመሪያ በሬዲዮ የተላለፈ ትምህርት ነው። «በጽሑፍ ይሰጠን» ያላችሁን ብዙ ስለሆናችሁ አንዳንዱን አሳጥረን፣ አንዳንዱንም አስፍተን እነሆ አቅርበነዋል። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አጠገባችሁ አድርጉ። ጥቅሶቹን ምዕራፍና ቁጥር እየጠራሁ አልፋለሁ እንጂ አላነብላችሁም፤ እናንተ ገልጣችሁ አንብቡ።

ነገሩን ያነሣሣው ከአንዲት እናት የደረሰን ጥያቄ ነው። እኚህ እናት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ብዙ ተጸልዮላቸዋል። አብረዋቸው ከሚጸልዩት መካከል አንዳንዶቹ ግን አንድ ቀን፣ «እርስዎ በእምነት ደካማ ስለሆኑ ነው ፈውሱ የዘገየው» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒታቸውን ሲወስዱ ተደብቀው ነው፤ ሰው እንዳያያቸው። ጥያቄያቸውም አጭር ነበር፦ መጽሐፍ ቅዱስ «ደካማ» ሲል እንደ እኔ ያለውን ማለቱ ነው ወይ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛ ዘንድ «ደካማ» የሚለው ቃል እንደ ማኅተም ሆኗል እኮ። ጸሎት የቀረ ደካማ ነው፣ ንግዱ የከሰረ ደካማ ነው፣ ሕመሙ የቆየበት ደካማ ነው። ማኅተሙን በሰው ግንባር ላይ እናሳርፍና እንሄዳለን። ታዲያ ሐዋርያት ይህን ቃል ሲጽፉ በእጃቸው የነበረው የግሪክ ቃል ምን ነበር? ከየት መጣ? ማንን ነበር የሚጠሩበት? ዛሬ የምናየው ይህን ታሪክ ነው።

ቃሉ «አስቴኔስ» ይባላል። በአዲስ ኪዳን ደካማ፣ የታመመ፣ ድውይ ተብሎ በተተረጎመው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ያለው እርሱ ወይም ወንድሞቹ ናቸው፤ ስሙ «አስቴኔያ» ነው፣ ግሡም ከዚያው ይወጣል። አሠራሩ ቀላል ነው። ከፊቱ «አ» አለች። ይህች «አ» የእኛዋ «አበላ»፣ «አጠጣ» የምትለዋ አይደለችም፤ የምትነሣ፣ የምታሳጣ ፊደል ናት። በእኛ ቋንቋ ሥራዋን የምትሠራው ከግዕዝ የመጣችው «ኢ» ናት፦ ኢፍትሐዊ፣ ኢሰብአዊ እንደምንለው። ግሪኮች ቀጣዩ ድምፅ አናባቢ ሲሆንባቸው «ን» ይጨምሩና «አን» ይሏታል። ሐኪም ቤት «አኒሚያ አለብህ» ሲሏችሁ ቃሉ «ደም የሌለው» ማለት ነው። ትምህርት ቤት የተማራችሁት «አቶም» ደግሞ «የማይቆረጥ» ማለት ነው፤ ኋላ ቢቆረጥም።

መካከሉ ላይ ያለው «ስቴኖስ» ብርታት ማለት ነው፤ ጉልበት፣ አቅም። «አ» ስትቀጠልበት መጨረሻው ከ«ኦስ» ወደ «ኤስ» ይለወጥና ከስም ቅጽል ይወጣል። አነባበቡም ይዞራል፤ ስሙን መጀመሪያው ላይ ያጠብቁት የነበሩ ሰዎች ቅጽሉን ሲጠሩ ክብደቱን መጨረሻው ላይ ያሳርፉታል። ለወንድም ለሴትም አንድ ዓይነት ነው፤ እኛም «ደካማ» ስንል ወንድና ሴት እንደማንለይ። ወደ አማርኛ ቁራጭ በቁራጭ አምጣው ብትሉኝ «አቅመ ቢስ» ነው የምላችሁ። «ቢስ» የ«አ»ን ሥራ ይሠራል፣ «አቅም» የ«ስቴኖስ»ን።

ግሪኮች ስቴኖስን እንዴት ይወዱት እንደነበር ለማወቅ ሆሜርን ማየት ነው። በኢሊያድ 18ኛው መጽሐፍ ለጦረኛው አኪሌስ ጋሻ ሲሠራለት በጋሻው ላይ ከዋክብትና ውቅያኖስ ይቀረጻሉ፤ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብም፣ ዓለምን የሚከበው ታላቁ ውቅያኖስም በዚያ ቦታ የተጠሩት በስቴኖሳቸው ነው። የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ የሰማይና የባሕር ኃይል ቃል ነው። ሕዝቡም ለልጆቹ ስም ያወጣበት ነበር። በ384 ከክርስቶስ ልደት በፊት ተወልዶ በ322 የሞተው የአቴና ታላቅ ተናጋሪ ዴሞስቴኔስ ስሙ «የሕዝብ ብርታት» ማለት ነው። የሚገርመው፣ ይህ ስሙ ብርታት የሆነ ሰው በወጣትነቱ ድምፁ ደካማ፣ ትንፋሹ አጭር ነበር፤ ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚነግረን አፉ ውስጥ ጠጠር እያደረገ ይለማመድ ነበር። ከጥላ ተነሥቶ የምድርን ዙሪያ የለካው የእስክንድርያው ኤራቶስቴኔስም በስሙ ውስጥ ያችኑ ብርታት ይዟል። ስፖርት የምትሠሩ ወጣቶች «ካሊስተኒክስ» የምትሉት እንኳ «ውበት» እና «ስቴኖስ» ተጋጥመው የተሠራ ነው። ሌላ አንድ ስም አለ፤ እርሱን ግን ቆሮንቶስ ስንደርስ አነሣዋለሁ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር። የቃል ሥር ብቻውን ስብከት አይሆንም። በመድረኮቻችን ላይ «ዱናሚስ ማለት ዳይናማይት ነው!» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ዳይናማይት ግን አልፍሬድ ኖቤል እ.ኤ.አ. በ1867 የፈጠራ መብት ያወጣበት ፈንጂ ነው፤ ስሙን ከግሪኩ ወሰደ እንጂ ግሪኩ ከእርሱ አልወሰደም። ጳውሎስ ዳይናማይት አላየም! የእግዚአብሔር ኃይልም ድንጋይ የሚፈነቅል ፈንጂ ነው አላለም። ስለዚህ «አስቴኔስ» ብርታት የሌለው ማለት ነው ብለን ዝም አንልም። ሰዎች ቃሉን በአፋቸው ሲያመላልሱት ማንን ያዩበት እንደነበር መጠየቅ አለብን።

ሦስት ዓይነት ሰው ያዩበት ነበር።

የመጀመሪያው ድሃው ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ስለ ግብፅ ሲጽፍ፣ በአንድ በዓል ሰዎች አሳማ ይሠዉ ነበር ይላል። ድሆቹ ግን አሳማ መግዛት ስላልቻሉ ከሊጥ አሳማ አበጅተው፣ ጋግረው ያንን ይሠዉ ነበር። ይህን ያደረጉበትን ምክንያት ሲናገር የተጠቀመበት ቃል «አስቴኔያ» ነው፤ የኑሮ ድካም። እኛ «አቅም የለኝም» ስንል ገንዘብ የለኝም ማለታችን አይደል? እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው ሕመምተኛው ነው። በሂፖክራቲስ ስም የሚጠሩት የሕክምና መጻሕፍት ጠንካራ ሰው የሚችለውን ምግብ ደካማው እንደማይችለው፣ ለእርሱ ለስለስ ያለ ነገር መዘጋጀት እንዳለበት ያስተምራሉ። እዚያ ውስጥ ስድብ የለም። ሐኪም ሕመምተኛውን አይሰድብም፤ ምን ያህል እንደሚችል ይለካል እንጂ።

ሦስተኛው የተሸነፈው ነው፤ እዚህ ላይ ቃሉ ያስፈራል። በ416 ከክርስቶስ ልደት በፊት የአቴና ሰዎች መርከቦቻቸውን ይዘው ሜሎስ ወደምትባል ትንሽ ደሴት መጡ። ገብሩ አሉ። የሜሎስ ሰዎች ስለ ፍትሕ አነሡ፤ ገለልተኞች ነን፣ አልበደልናችሁም አሉ። ቱኪዲደስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ የአቴና መልእክተኞች የመለሱትን ጽፎልናል። ፍትሕ የሚነሣው እኩል በሆኑ መካከል ነው፣ ከዚያ ውጭ ኃይለኛው የቻለውን ያደርጋል፣ «አስቴኔስ» የሆነው ደግሞ ይቀበላል፤ የንግግራቸው ፍሬ ይህ ነበር። ሜሎስ እምቢ አለች፤ ተከበበች፤ ተያዘች። አቴናውያን እጃቸው የገባውን ወንድ ሁሉ ገደሉ፣ ሴቶቹንና ልጆቹን ለባርነት ሸጡ፣ በቦታቸውም 500 የራሳቸውን ሰዎች አሰፈሩ። ይህን ያደረጉት አረመኔ የምንላቸው አይደሉም። ዲሞክራሲን ለዓለም አስተማሩ የሚባሉት ናቸው። በዚያ ዓለም አስቴኔስ መሆን ማለት ሌላው በአንተ ላይ የወደደውን ሊያደርግ ይችላል ማለት ነበር።

ይህን ያዙልኝና ወደ እስክንድርያ እንሂድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በዚያች ከተማ የሚኖሩ አይሁድ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ግሪክ መተርጎም ጀመሩ፤ ሰባ ሊቃናት የምንለው ትርጉም ነው። ተርጓሚዎቹ በዕብራይስጡ «ካሻል» የሚል ግሥ ብዙ ጊዜ ያገኙ ነበር፤ መሰናከል፣ ጉልበት ሲከዳ መውደቅ ማለት ነው። ይህን ደጋግመው የተረጎሙት በአስቴኔስ ቤተሰብ ግሥ ነው። እንግዲህ ቃሉ አዲስ ቀለም ገባበት። ከድሃው፣ ከሕመምተኛውና ከተሸናፊው ጋር አሁን መንገድ ላይ ጉልበቱ የከዳው ሰውም ተጨመረ። ሮሜ 14ንና 1ኛ ቆሮንቶስ 8ን ስታነቡ «ደካማው ወንድም» እና «መሰናከል» ለምን ጎን ለጎን እንደሚሄዱ አሁን ይገባችኋል። ጳውሎስ መጽሐፉን በዚህ ትርጉም ያነበበ ሰው ነው።

አንድ ሌላ ድንቅ ነገር እነሆ። ኢሳይያስ 53፥4ን ዕብራይስጡ ሕመማችንን ተሸከመ ይላል። የሰባ ሊቃናቱ ተርጓሚ እዚያ ቦታ ላይ ኃጢአታችንን የሚል ቃል አስገባ። ማቴዎስ ግን በምዕራፍ 8፥17 ያንኑ ጥቅስ ሲያመጣ የሰባውን አልተከተለም፤ ወደ ዕብራይስጡ ቀርቦ «አስቴኔያ» ብሎ ጻፈ። መቼ ነው የጻፈው? ጌታ የጴጥሮስን አማት ከትኩሳት ካነሣ በኋላ፣ በዚያ ምሽት ድውያንን ሁሉ ሲፈውስ። ኃጢአታችንንም እንደ ተሸከመ ያው ምዕራፍ 53 ከታች በግልጽ ይናገራል፤ ያንን ማንም አይክድም። ማቴዎስ ግን ሕመምን ሕመም ብሎ ጠራው። ሁለቱን አንድ ላይ አልጨፈለቃቸውም። እኛ ስንት ጊዜ እንጨፈልቃቸዋለን?

በአማርኛችን አንድ ችግር አለ፤ ጥፋት ሳይሆን የቋንቋ ጠባይ ነው። «ድካም» ስንል ሁለት ነገር እንላለን። «ለድካምህ ዋጋህን ያግኝህ» ስንል ሥራው፣ ልፋቱ ማለታችን ነው። «ድካም አለበት» ስንል ደግሞ ጉድለቱ። ግሪኩ ለልፋት ሌላ ቃል አለው፤ «ኮፖስ» ይባላል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ቅዱሳችን ማቴዎስ 11፥28 ላይ ጌታ ወደ እኔ ኑ የሚላቸው «ደካሞች» አስቴኔሶች አይደሉም፤ የለፉ፣ ሸክም ተሸክመው የዛሉ ናቸው። 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥58 ላይ በጌታ ከንቱ የማይሆነው ድካምም ልፋቱ ነው። 2ኛ ቆሮንቶስ 12 ላይ ያለው ድካም ግን አስቴኔያ ነው። ሁለቱ አንድ ቁጥር ላይ ተገናኝተው ማየት የፈለገ የሐዋርያት ሥራ 20፥35ን ይክፈት። ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት እየለፋችሁ አቅም የሌላቸውን እርዱ ይላቸዋል። አማርኛው የመጀመሪያውን በ«መድከም»፣ ሁለተኛውን በ«ድውዮች» ይለያቸዋል። በደንብ ተለይቷል! የሚደክመው ሽማግሌው ነው፣ የሚረዳው ደግሞ ድውዩ። እኛ ጋ ድውዩ ተነሥቶ ሽማግሌውን ሲያገለግል የምናይበት ቦታ የለም ወይ? ልለፈው።

አሁን ቆሮንቶስ ደረስን። ሮማውያን ይህችን ከተማ በ146 ከክርስቶስ ልደት በፊት አፈራርሰዋት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ በ44 ዩልየስ ቄሣር እንደገና አቋቋማት፤ ካሰፈረባትም ሰው ብዙው ከባርነት ነጻ የወጣ ነበር። ሁለት ወደብ ያላት የንግድ ከተማ ሆነች። ባላባት የሌለባት፣ አዲስ ሀብታም የበዛባት ከተማ ምን እንደምትመስል እናንተ ታውቃላችሁ። እያንዳንዱ ወደ ላይ ለመውጣት ይሽቀዳደማል፤ የወጣውም ከየት እንደ መጣ እንዲነሣበት አይፈልግም። በየሁለት ዓመቱ በአቅራቢያዋ የኢስትምያ ጨዋታዎች ይካሄዱ ነበር፤ ሯጩ፣ ቦክሰኛው፣ ትግለኛው ይመጣል። ስቴኖስ የሚታይባት፣ የሚጨበጨብላት ከተማ ነበረች።

ጳውሎስ እዚያ አንድ ዓመት ተኩል ተቀመጠ። ጋልዮስ አገረ ገዥ በነበረ ጊዜ አይሁድ ከሰሱት፤ በዴልፊ የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ የጋልዮስን ዘመን እ.ኤ.አ. 51 እና 52 አካባቢ ላይ ያደርሰዋል። በዚያ ችሎት ፊት የምኵራብ አለቃው ተደበደበ፤ ሐዋርያት ሥራ 18፥17። ስሙ ማን ይባላል? ሶስቴንስ። ያቆየሁላችሁ ስም ይህ ነው። «ደኅና» ወይም «ጤነኛ» ከሚል ቃልና ከ«ስቴኖስ» የተገጠመ ነው፤ ብርታቱ ያልተነካ ማለት። ስሙ እንዲህ ነው፣ እርሱ ግን በአደባባይ ተደብድቧል፤ ጋልዮስም ግድ አልሰጠው።

ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ55 ገደማ ከኤፌሶን ለቆሮንቶስ ሲጽፍ በመጀመሪያው ቁጥር አጠገቡ ያቆመው ወንድም ማን ነው? አሁንም ሶስቴንስ። ያው የተደበደበው ነው ወይስ ስሙን የተጋራ ሌላ ሰው፣ ሉቃስ አልነገረንም። ደብዳቤውን ጮክ ብሎ ሲነበብ የሰማ ግሪክኛ ተናጋሪ ግን በመግቢያው ስቴኖስን ሰማ፤ ጥቂት ቆይቶ በዚያው ምዕራፍ 25ኛውና 27ኛው ቁጥር ላይ ደግሞ አስቴኔስን። ጳውሎስ በስሞቹ ሊጫወት ፈልጎ ነው አልልም። ይዘቱ ግን ከባድ ነው። ለእግዚአብሔር «አስቴኔስ» የሚለውን ቃል ሰጠው! የእግዚአብሔር ድካም የሚመስለው ነገር ከሰው ሁሉ ይበረታል አለ፤ ብርቱዎችን ለማሳፈርም የመረጠው አቅመ ቢሶቹን ነው አለ። የሜሎስን ታሪክ ከያዛችሁልኝ እዚህ አምጡት። በአቴናውያን አፍ አስቴኔስ የሚገደለው፣ የሚሸጠው ነበር። በመስቀል ላይ የሚታየውም በመንግሥት ኃይል የተገደለ፣ ልብሱ በወታደሮች የተከፋፈለ አንድ ሰው ነበር። ጳውሎስ ቃሉን ከሜሎስ በኩል ነው የወሰደው እንጂ ከአቴና በኩል አይደለም።

ቆሮንቶሶች ግን ቶሎ አልገባቸውም። በምዕራፍ 8 «እውቀት አለን» የሚሉቱ በጣዖት ቤት በማዕድ ይቀመጣሉ፤ ሕሊናው ደካማ የሆነው ወንድም አይቶ ይሰናከላል። በምዕራፍ 11 የጌታ እራት ላይ ያለው ቀድሞ ይበላል፣ የሌለው ይራባል። በዚያው ምዕራፍ 30ኛ ቁጥር ላይ ስለዚህ ነገር በመካከላችሁ የደከሙና የታመሙ አሉ ይላቸዋል፤ ከቃላቱ አንዱ አስቴኔስ ነው። ይህን ቁጥር ልዝለለው አልፈልግም፤ ሰዎች ያችን እናት ለመክሰስ የሚያነሡት አንዱ ይህ ነውና። አዎ፣ ጳውሎስ እዚህ ላይ ሕመምን ከፍርድ ጋር አያይዞታል። ለማን ግን? በጌታ ማዕድ ላይ ድሃውን ላዋረደች ጉባኤ፣ ተገልጦለት የጻፈው ነው። የታመመ ሰው ባየን ቁጥር ይህን ቁጥር አውጥተን እንድንመዘው ፈቃድ አልሰጠንም። ጌታም በዮሐንስ 9 ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ሲጠይቁት ጥያቄውን ራሱን አልተቀበላቸውም።

በሁለተኛው ደብዳቤ ነገሩ ወደ ራሱ ወደ ጳውሎስ ዞረ። ሌሎች አገልጋዮች ቆሮንቶስ ገብተው ነበር፤ ንግግራቸው ያማረ፣ ተክለ ሰውነታቸው ግርማ ያለው። ስለ ጳውሎስ ምን ይባል እንደነበር በ10፥10 ራሱ ያወራልናል፤ ደብዳቤው ከባድ ነው፣ ሰውየው ሲታይ ግን አስቴኔስ ነው። በዘመናችን ቢሆን «ቪዲዮው ጥሩ ነበር፣ በአካል ስናየው ግን…» እንደሚባለው። ጳውሎስ ራሱን አልተከላከለም። ምዕራፍ 11 መጨረሻ ላይ በድካሜ እመካለሁ አለና አንድ ታሪክ አመጣ፤ በደማስቆ ገዥው ሊይዘው ሲጠብቅ በመስኮት በቅርጫት ከቅጥሩ ወደ ታች አወረዱት። ለምን ይህን መረጠ? ሮማውያን የተከበበችን ከተማ ቅጥር ቀድሞ ለወጣ ወታደር «የቅጥር አክሊል» የሚባል ታላቅ ሽልማት ይሰጡ ነበር። ቆሮንቶስ የሮማ ቅኝ ከተማ ናት፤ ይህን ታውቃለች። ጳውሎስ ግን እኔ ቅጥሩን የወረድኩ ነኝ ይላል፤ እንደ ዓሣ በቅርጫት። ሰሚዎቹ ቢስቁ አይገርመኝም። ከዚያ ነው ወደ ሥጋ መውጊያው፣ ሦስት ጊዜ ጸልዮ ወዳልተነሣለት ነገር የሚገባው። «ዱናሚስ» እና «አስቴኔያ» ጎን ለጎን የቆሙት እዚያ ነው፤ 12፥9። ከጌታ ያገኘው መልስ ድካሙን አላነሣለትም፤ የጌታ ኃይል በዚያው ድካም ውስጥ እንደሚሠራ ነገረው እንጂ።

እንግዲህ ወደ እናታችን ጥያቄ። እማማ፣ ይህን ካነበቡ ለእርስዎ ሦስት ሰዎች ላስተዋውቅዎ። አንደኛው አፍሮዲጡ ነው፤ ፊልጵስዩስ 2፥25 ጀምሮ። የጳውሎስ የአገልግሎት ባልደረባ፣ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። የተጻፈበት ግሥ ከአስቴኔስ ነው። ጳውሎስ በእምነት ማነሱ አላለም፤ ስለ ክርስቶስ ሥራ ነፍሱን አሳልፎ ሰጠ አለ፣ እንዲህ ያሉትንም አክብሩ አለ። ሁለተኛው ጢሞቴዎስ ነው፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥23። ደጋግሞ የሚያመው ሰው ነበር፤ ቃሉ ያው «አስቴኔያ» ነው። ጳውሎስ ለሆዱ ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲወስድ መከረው፤ በዚያ ዘመን እንደ መድኃኒት የሚወሰድ ነገር ነው። ልጁ በሃይማኖት እያለው፣ እጁን የጫነበት ሰው እያለው፣ መድኃኒት ውሰድ አለው። ሦስተኛው ጥሮፊሞስ ነው፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20። ጳውሎስ ታሞ በሚሊጢን ተወው። ጨርቁ ሳይቀር ሕሙማንን የፈወሰው ሐዋርያ ይህን ሰው ታሞ ተወው! ለምን እንዳልተፈወሰ አንድም ቃል የለም፤ ወቀሳም የለም። ጳውሎስ ዝም ባለበት ቦታ እኛ የምንናገረው ከየት አምጥተን ነው?

እኔ ጴንጤ ቆስጤያዊ ነኝ። ጌታ ዛሬም እንደሚፈውስ አምናለሁ፣ ለሕሙማን እጸልያለሁ፣ ሲፈወሱም አይቻለሁ። ያዕቆብ 5፥14 ከእናንተ ማንም አስቴኔስ ቢሆን የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ ይላል። ልብ በሉ፦ የሚጠራው ሕመምተኛው ነው፤ የሚጸልዩትና በዘይት የሚቀቡት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ 15ኛው ቁጥርም የእምነት ጸሎት የሚለው የሚጸልዩትን ጸሎት ነው። እምነት ጎደለ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘይት የያዘው ነው፣ አልጋ ላይ ያለው አይደለም። እርስዎም እማማ መድኃኒትዎን በግልጽ ይውሰዱ፤ ሐኪምዎ ያዘዘልዎትን አያቋርጡ።

«በእምነት የደከመ» የሚለው ሐረግስ? ሮሜ 14፥1 ላይ አለ። እዚያ ያለው ሰው ግን ያልተፈወሰ ሰው አይደለም፤ ሥጋ መብላት ሕሊናው ያልፈቀደለት፣ አትክልት ብቻ የሚበላ፣ ቀንን ከቀን የሚለይ አማኝ ነው። ስለ እርሱ የተሰጠው የመጀመሪያው ትእዛዝም ተቀበሉት የሚል ነው። ይህን ሐረግ ከስኳር በሽታ ጋር ያገናኘው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ጳውሎስ ግን አይደለም።

ሮሜ 5ን ሳልነካ አልሄድም። በ6ኛው ቁጥር ላይ ከአንድ ቅርጽ የወጡ ሁለት ቃላት አሉ። አንዱ አስቴኔስ ነው። ሌላው «አሴቤስ» ነው፤ «ሴባስ» ማለት ፈሪሃ አምላክ፣ አክብሮት ነው፣ «አ» ስትነሣው እግዚአብሔርን የማይፈራ ይሆናል። በአማርኛችን ደካሞችና ኃጢአተኞች ተብለው ስለተተረጎሙ ዝምድናቸው አይታየንም፤ በግሪኩ ግን ሁለቱም በዚያችው «አ» ይጀምራሉ፣ በዚያው «ኤስ» ያልቃሉ። አንዱ ብርታት የለውም፣ አንዱ ፍርሃት የለውም። 8ኛው ቁጥር ላይ ኃጢአተኞች ሆንን፣ 10ኛው ላይ ጠላቶች። እየባሰ ይሄዳል። ክርስቶስ የሞተው ደግሞ «ገና» በዚያ ሳለን ነው፤ ከበረታን በኋላ አይደለም። እዚህ «ደካማ» የሚባለው ደግሞ አንድ ምዕመን ተለይቶ አይደለም፤ ጳውሎስ «እኛ» ብሎ ራሱንም ጨምሮበታል። ማኅተሙን ይዘን የምንዞር ሁሉ ያን ጊዜ ግንባራችን ላይ አለ።

ቃሉ ዛሬም በሕይወት አለ። ሐኪሞች ጡንቻን የሚያዝል አንድ ብርቱ ሕመም «ማያስቴኒያ ግራቪስ» ይሉታል፤ የጡንቻ አስቴኔያ ማለት ነው። አቴና ከተማ ብትሄዱ ደግሞ ሐኪም ቤት የተኛ ሰው እስከ ዛሬ «አስቴኒስ» ይባላል። እነዚያ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት አስቴኔስ ይቀበላል እንጂ ምን ያመጣል ያሉ ሰዎች ከተማ ናት። አምቡላንሱን ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ? «አስቴኖፎሮ»፤ አቅም ያጣውን የሚሸከም። በዚያች ከተማ ሳይረን እያሰማ ሲመጣ ትልልቁ መኪና ሁሉ ዳር ይይዝለታል።

አንድ የመጨረሻ ቦታ ላሳያችሁ። «ስቴኖስ» የሚለው ስም፣ ሆሜር ያደነቀው፣ በአዲስ ኪዳን ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጻፈም። ከእርሱ የወጣው ግሥ ግን፣ ከፊቱ «አ» የሌለበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፏል፤ 1ኛ ጴጥሮስ 5፥10። ጴጥሮስ የሚጽፈው በእሳት መካከል ላሉ፣ ለተበተኑ ሰዎች ነው። ጥቂት ጊዜ መከራ ከተቀበላችሁ በኋላ የጸጋ ሁሉ አምላክ ያደርግላችኋል ብሎ ከዘረዘራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ያበረታችኋል። አድራጊውንም «ራሱ» ይለዋል። ገልጣችሁ አንብቡት፤ ከታመመ ሰው ጋር የምትኖሩ ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

ጌታ ይባርካችሁ።